ልጆቻችንና መጠጥ፦ ታክሲ ነጂ አባላት ያቀረቡት ሐሳብ

(የማኅበራችን 10ኛ ዓመት በሚከበርበት ሰሞን በተጠራው የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ በታክሲ ሥራ የተሰማሩ አባላትን በመወከል የተደረገ ንግግር)



በቅድሚያ የዝግጅት ኮሚቴው በዚህ የደስታ ሰሞን ደስ ለማያሰኝ ርእስ ጊዜ ስለ ሰጠን በታክሲ ነጂዎች ስም እናመሰግናለን። ማኅበራችን 10 ዓመት ሞላው። ሲቋቋም በእቅፍ ወደ ስብሰባ ይመጡ የነበሩት ሕፃናት ዛሬ የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች ሆነዋል፤ ያን ጊዜ በአዳራሹ ወንበሮች መካከል ይሯሯጡ የነበሩት ደግሞ መንጃ ፈቃድ አውጥተዋል። ስለዚህ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የጎረቤት ልጅ ጉዳይ አይደለም።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ሰባኪዎችም አይደለንም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሌሊት መኪና ስንነዳ የምናድር ሰዎች ነን። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ትምህርቱን ሳንጨርስ የወጣን ስላለን፣ መንገደኛ እስኪመጣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ጥናትና ሕግ የማንበብ ልማድ አለቀቀንም። ያየነውንና ያነበብነውን አንድ ላይ አድርገን ነው የመጣነው። በመጨረሻም ከእናንተ ፊርማ የምንጠይቅበት ነገር አለን።

መጀመሪያ ያየነውን እንናገር። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት በአዳምስ ሞርጋን 18ኛው መንገድ ወይም በዩ ስትሪት የሰከረ ሰው ማንሣት ለእኛ ተራ ሥራ ነው፤ እንጀራችን ነው ብንል ይሻላል። የሚያሳስበን እርሱ አይደለም። የሚያሳስቡን ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከስፕሪንግፊልድ መኖሪያ ሰፈሮች ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የምናነሣቸው ልጆች ናቸው። ከእነርሱም መካከል መኪናው ውስጥ ገብተው የጥላሁንን ወይም የአስቴርን ዘፈን ሲሰሙ ባንድ ጊዜ ጸጥ የሚሉ አሉ። ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ ያደርጋሉ። ጥቂት ቆይቶ አንዱ በተኮላተፈ አማርኛ፣ «ጋሼ፣ አባቴን ያውቁታል እንዴ?» ይላል። ቤታቸው ከመድረሳችን ሁለት መንገድ ቀደም ብለን እንድናወርዳቸው ይለምኑናል። በጥር ብርድ፣ ጃኬት ሳይለብሱ፣ አጥር ተደግፈው መሄድ ይመርጣሉ።

እነዚህ እንግዲህ ታክሲ የጠሩት ናቸው። ያልጠሩት የበለጠ ያስጨንቁናል። በጠጣ ጓደኛው መኪና ተሳፍሮ የሄደውን ልጅ እኛ አናየውም። ለምን እንዳልደወሉ ሌላ ቀን፣ በደኅናው ሰዓት ስንጠይቃቸው የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ ቤት ከደወልኩ አባቴ ይገድለኛል፤ የአበሻ ታክሲ ከጠራሁ ደግሞ እሑድ ቅዳሴ ሳያልቅ አገር ሁሉ ይሰማል። ልጆቻችን ከመኪና አደጋ ይልቅ የእኛን ወሬ ይፈራሉ። ይህን ነገር በደንብ እንድታስቡበት እንለምናለን፤ ዛሬ የምናቀርበው ሐሳብ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነውና።

ልጆች ሲጠየቁ «ሁሉም ሰው ይጠጣል» ይላሉ። ወላጆችም «የዚህ አገር ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1975 ጀምሮ በየዓመቱ የአሜሪካን ተማሪዎች ይጠይቃል። በ2024 ከተጠየቁት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ ባለፉት 12 ወራት መጠጥ ጠጥተናል ያሉት ከመቶ 42 ያህሉ ናቸው፤ በ1997 ግን ከመቶ 75 ያህሉ ነበሩ። የ8ኛ ክፍሎቹ በ2024 ከመቶ 13 ያህል ብቻ ናቸው። እንግዲህ የማይጠጣው ልጅ ይበዛል ማለት ነው። ይህን ለልጅ መንገር ከአንድ ሰዓት ተግሣጽ የበለጠ ይጠቅማል፤ ብዙው ልጅ የሚጠጣው አምሮት ሳይሆን ብቻውን የቀረ መስሎት ነውና።

ታዲያ ቁጥሩ እየቀነሰ ከሆነ ጭንቀቱ ለምንድን ነው? ሁሉም ልጅ እኩል ስላልተጋለጠ ነው። በእኛ መካከል ይበልጥ የተጋለጡት እነማን እንደሆኑ ደግሞ እናውቃለን። አንደኛው ዘግይቶ የመጣው ልጅ ነው። አባት በዲቪ ወይም በጥገኝነት ቀድሞ ይመጣል፤ ልጁ ከአያቱ ጋር ይቀራል። ወረቀቱ ተሳክቶ ልጁ ሲመጣ 14 ወይም 15 ዓመት ሞልቶታል፤ አባቱን የሚያውቀው በስልክ ምስል ነው። ኤርፖርት ላይ አበባና ፊኛ ይዘን እንቀበለዋለን፤ በሦስተኛው ቀን አባት ወደ ሁለቱ ፈረቃው ይመለሳል። ልጁ አገር ቤት ጎበዝ ተማሪ፣ በሰፈሩም ጨዋታ አዋቂ ነበረ። እዚህ ግን ቋንቋ ለሚማሩ በተለየ ክፍል ተቀምጦ ስሙን እንኳ አስተካክሎ የሚጠራለት አያገኝም። ቤት ሲመለስ ማቀዝቀዣው ሙሉ ነው፤ ቤቱ ባዶ ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዱ አንድ ሌሊት «ስጠጣ እንግሊዝኛው ይመጣልኛል» ብሎናል። ይህን የሚል ልጅ ዱርዬ አይደለም፤ ሰው የፈለገ ልጅ ነው።

ሌላዋ የበኩር ልጅ ናት። ሐኪም ቤት ለእናቷ አስተርጓሚ፣ የቤት ኪራይ ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢ፣ ለታናናሾቿ ሞግዚት ናት። ያለዕድሜዋ ትልቅ ሰው ስለሆነች የትልቅ ሰው መጠጥም የእርሷ ይመስላታል። ቤቱ ውስጥ በየማታው የሚጠጣ ሰው ያለበት ልጅም አለ፤ ስለ እርሱ ብዙ አንናገርም፤ የሚመለከተው ሰው በልቡ ያውቀዋል። መጠጥ ቤታችሁ ገብቶ የማያውቅ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ወላጆች ደግሞ «ይህ እኛን አይመለከትም» እንዳትሉ እንለምናለን። ልጃችሁ መጠጡን የሚያገኘው ከሰው ቤት ነው፤ ከቀመሰም ወደ ቤት ለመደወል ከሁሉም ልጅ ይበልጥ የሚፈራው እርሱ ነው።

ስለ መጠጡ ራሱም ጥቂት እንበል፤ ብዙ ወላጅ የሚያውቀው ጠላና ቢራ ነውና። ዛሬ ልጆች እጅ የሚገባው በቀለማት ባሸበረቀ ቆርቆሮ የታሸገ፣ የማንጎና የሎሚ ጣዕም ያለው፣ ከለስላሳ የማይለይ ነገር ነው። ቮድካውም በውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ ይዞራል፤ መልኩ ውሃ ነው። በዚህ አገር ልክ 12 አውንስ ቢራ፣ 5 አውንስ ወይን፣ አንድ ተኩል አውንስ ውስኪ ወይም ቮድካ እኩል ናቸው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። ልጆች ግን በመለኪያ አይቀዱም። 16 አውንስ የሚይዘውን ቀዩን የፕላስቲክ ኩባያ እስከ ግማሽ ቮድካ የሞላ ልጅ ከአምስት መለኪያ በላይ በእጁ ይዟል። ሰውነት ደግሞ በሰዓት የሚያጣራው አንድ መለኪያ ያህል ነው። ቡና ማጠጣት፣ ቀዝቃዛ ሻወር ውስጥ ማቆም፣ ዱለት ማብላት አያፈጥነውም፤ የነቃ ሰካራም ማድረግ ብቻ ነው ትርፉ።

የልጅነቱ ነገርም አለ። የሰው አእምሮ መብሰሉን የሚጨርሰው በ20ዎቹ አጋማሽ ላይ ሲሆን፣ ከሁሉም ወደ ኋላ የሚቀረው «ተው» የሚለው ክፍል ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚህ አገር የወጣ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ 15 ዓመት ሳይሞላው መጠጣት የጀመረ ሰው 21 ሞልቶት ከጀመረው ይልቅ በመጠጥ ሱስ የመያዝ ዕድሉ አራት እጥፍ ያህል ነው። የቀመሰ ልጅ ሁሉ ይጠፋል ማለት አይደለም። አንድ ዓመት ማዘግየት ግን አንድ ዓመት ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ድግስ እንምጣ። ቅር የሚለው ሰው ቢኖር ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። «ልጅ ነው፣ ይቅመስ፣ ምን ይሆናል» የሚለው ቃል በየክርስትናውና በየምርቃቱ ይሰማል። በአገራችንም ድግስ ነበረ፤ ጠላውም ጠጁም ነበረ። ነገር ግን መጠጡ ባለቤት ነበረው። ጋኑ ያለው ጓዳ ነው፤ የሚቀዳው አሳላፊ ነው። አሳላፊው ማን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል፤ ማን እንደበቃው በዓይኑ ይለካል፤ ለማይጠጣው ብርዝ ያቀርባል። እዚህ አዳራሽ ተከራይተን ስንደግስ ግን በየጠረጴዛው አንድ ጠርሙስ ውስኪ እናቆማለን፤ ለክብር ነው። ከእራት በኋላ ትልልቆቹ ወደ ጭፈራው ይነሣሉ። ጠርሙሱ ግማሽ ሆኖ ይቀራል፤ ከጠርሙሱ ጋር የሚቀሩት ደግሞ ልጆቹ ናቸው። ከአዳራሽ በር ላይ የምናነሣቸው ልጆች ሱቅ ሄደው አልገዙም፤ የጠጡት የክብር ጠርሙሳችንን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳባችን ሳንቲም የማይጠይቅ ነው። በማኅበራችን ድግስ ሁሉ አሳላፊ ይመለስ። ጠርሙስ በጠረጴዛ ላይ አይቁም፤ መጠጡ ባንድ ጥግ ይሁን፤ የሚቀዳውም ልጆቻችንን በስማቸው የሚያውቅ ሰው ይሁን። በየቤታችንም ቁም ሣጥን ላይ ለጌጥ የተደረደረው ጠርሙስ ቁልፍ ያለበት ቦታ ይግባ። ለእንግዳ ሲወጣ ይወጣል።

«እቤቴ፣ ዓይኔ ሥር ሆነው ይጠጡ፤ ውጭ ከሚጠጡ ይሻላል» የሚሉ ደግ አባቶች አሉ። «አውሮፓ እኮ ልጅ በማዕድ ላይ ወይን ይጠጣል» ይላሉ። በብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች ግን የሚጠጣው ልጅ ቁጥር ከአሜሪካው ይበልጣል፤ ማዕዱ አላዳናቸውም። የሰው ልጅ እቤት ጠርቶ ማጠጣት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በ2015 በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ አባት እቤት እያለ ከተደረገ የወጣቶች ግብዣ የወጣ መኪና ተገልብጦ ሁለት ወጣቶች ሞቱ። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ በአባትየው ላይ ከገንዘብ ቅጣት የማያልፍ ነበር። ሜሪላንድ በ2016 ሕጉን አጠነከረች፤ ከዚያ ወዲህ ላልደረሱ ልጆች መጠጥ የሚያቀርብ ወይም እቤቱ እንዲጠጡ የሚፈቅድ ጎልማሳ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

በሕግ ነገር ላይ እያለን፤ የ21 ዓመቱ ገደብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1984 የወጣ የፌዴራል ሕግ ዕድሜውን 21 የማያደርግ ስቴት ከአውራ ጎዳና ገንዘቡ እንዲቀነስበት ስላዘዘ፣ በ1988 ሁሉም ስቴቶች ተቀብለውታል። ዕድሜው ሳይደርስ ጠጥቶ የሚነዳ ልጅም እንደ ትልቅ ሰው 0.08 አይጠበቅለትም፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ 0.02 ይበቃዋል። ይህም ለብዙ ልጅ አንድ ቆርቆሮ ነው። ዜግነት ገና ያልወሰደ ልጅ ደግሞ ማመልከቻው ስለ እስር እንደሚጠይቅ ይወቅ። «አገራችን እንዲህ ያለ ሕግ የለም» የምትሉም ካላችሁ፣ ከ2019፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ኢትዮጵያም 21 ዓመት ላልሞላው መሸጥ ከልክላለች።

ሕግና ምክር ብቻውን ግን ልጅ አይጠብቅም። ይህን የምንለው ስለ አይስላንድ ስላነበብን ነው። አይስላንድ 400,000 የማይሞላ ሕዝብ ያላት ቀዝቃዛ ደሴት ናት። በ1998 ከ15 እና ከ16 ዓመት ልጆቿ ውስጥ ባለፈው ወር ሰክረን ነበር ያሉት ከመቶ 42 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 5 ሆኑ። ምን አደረጉ? ልጆቹን ሰብስበው ስለ መጠጥ ክፋት ሲሰብኩ አልዋሉም። የልጁን ሰዓት ያዙት። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ በክረምት ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ውጭ እንዳይገኝ ሕግ አወጡ። የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች የጋራ ስምምነት ፈረሙ፤ ማታ ማታ በቡድን ሆነው በሰፈራቸው ተዘዋወሩ። ለስፖርትና ለሙዚቃ መክፈያ የሚሆን ገንዘብ ማዘጋጃ ቤቱ ለየልጁ ሰጠ። የስምምነቱ ነገር እኛን ይበልጥ ማረከን። «የእገሌ አባት ይፈቅድለታል» የሚለውን ክርክር ከሥሩ ይቆርጠዋልና።

(በነገራችን ላይ፣ ሰዓት ስትወስኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ንገሯቸው። አንድ ወዳጃችን ልጁን «ከሦስት ሰዓት በፊት ቤት ግባ» ብሎ አስጠነቀቀው። ልጁ ሌሊት በፈረንጅ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባ፤ «ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ነው የመጣሁት» ብሎም ተከራከረ።)

እኛ የአይስላንድ ማዘጋጃ ቤት ገንዘብ የለንም። ትልቁ ባዶ ሰዓታችን ግን የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፦ ትምህርት ቤት ከሚለቅበት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጀምሮ ወላጅ ከሥራ እስኪመለስ ያለው ነው። እናት ሆስፒታል ናት፣ አባት ፓርኪንግ ነው ወይም መንገድ ላይ ነው። የሌሊት ፈረቃ የምንሠራው ግን በዚያ ሰዓት ከእንቅልፍ ተነሥተን ቡና እየጠጣን ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሐሳባችን፣ ማኅበሩ አዳራሹን ማክሰኞና ሐሙስ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይክፈትልን። ሒሳብ ማስጠናት የምንችል አለን፤ ኳስ ማጫወት የሚችል አለ፤ ከርቀት ያለውን ልጅ መኪና ይዘን እናመጣለን። በተለይም ዘግይተው የመጡት ልጆች እዚህ ከተወለዱት ጋር ቢቀላቀሉ አንዱ እንግሊዝኛ፣ ሌላው አማርኛ ያተርፋል። አሥር ልጅ ቢመጣ አሥር ልጅ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ሐሳባችን የሌሊት ስልክ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሁለት ነጂዎች ተራ ይይዛሉ፤ አንዱ ለዲሲና ለሜሪላንድ፣ ሌላው ለቨርጂኒያ። የአባል ልጅ ወይም አብሮት ያለ ጓደኛው ከየትም ቢደውል ሄደን እናመጣዋለን። ልጁ ራሱ ጠጥቶም ቢሆን፣ የሚነዳው ጓደኛው ጠጥቶበትም ቢሆን፣ ጠብ ፈርቶም ቢሆን ምክንያቱን አንጠይቅም። ሥራ አቁመን፣ በግል መኪናችን፣ ያለ ክፍያ ነው የምንሄደው። ሴት ልጅ ስትደውል ከእኛ መካከል ያሉት ሴት ነጂዎች ይሄዳሉ፤ እነርሱ ተራ ባልሆኑበት ሌሊት ደግሞ የነጂው ባለቤት ወይም ሌላ እናት አብራ ትሄዳለች። የየነጂው መንጃ ፈቃድና የፖሊስ ማረጋገጫ ቅጂ ኮሚቴው ዘንድ ይቀመጣል፤ ማየት የሚፈልግ ወላጅ ያያል።

ለወላጅ እንንገር ወይስ አንንገር በሚለው ላይ እኛው ነጂዎቹ ብዙ ተከራክረናል። ከፊላችን፣ የሰውን ልጅ ገመና ከወላጁ መደበቅ ነውር ነው አልን፤ ልጄ ላይ ቢደረግ ምን እላለሁ? ከፊላችን ደግሞ፣ የምንናገር ከሆነ አንድም ልጅ አይደውልም አልን። ሁለቱም እውነት አላቸው። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ልጁን መንገድ ጥግ አናወርደውም፤ በር ድረስ እናደርሰዋለን፣ በሩንም ወላጁ ይከፍታል። ከወላጁ የምንደብቀው ነገር የለም ማለት ነው። ከሌላው ሰው ግን ሁሉንም እንደብቃለን። በምግብ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በለቅሶ ቤት፣ ለገዛ ሚስታችንም ጭምር፣ ማንን ከየት እንዳመጣን አንናገርም። ያወራ ነጂ ከተራው ይሰረዛል።

ወላጅም በበኩሉ አንድ ቃል ይገባል፤ ፊርማ የምንጠይቀውም ለዚህ ነው። ልጁ በዚህ ስልክ ደውሎ ሲመጣ፣ ያን ሌሊት ቁጣ የለም፤ ዱላ የለም፤ ጎረቤት የሚሰማው ጩኸት የለም። በሩን ይከፍታል፣ ውሃ ይሰጣል፣ በጎኑ ማስተኛቱንና ትንፋሹን ይከታተላል። ንግግሩ በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ ሁሉም ሰው ልቡ ሲረጋ ይሆናል። ቅጣት ይቅር አላልንም፤ ቅጣቱ ነገ ይሁን አልን። ወረቀቱም የሚፈረመው ልጁ ፊት ነው፤ ልጁ ቃላችሁን በዓይኑ ካላየ አይደውልምና።

«ይህ ጠጡ ብሎ ፈቃድ መስጠት ነው» የሚል ተቃውሞ ከአንዳንድ አባቶች ሰምተናል። ነገሩን አቅልለን አላየነውም። ነገር ግን መኪናው ውስጥ ትርፍ ጎማ የያዘ ሰው ጎማው እንዲፈነዳ ፈልጎ አይደለም። አትጠጣ የሚለው ቃል እንዳለ ነው፤ ሰዓቱም እንዳለ ነው። ስልኩ የሚያገለግለው ቃሉ ተጥሶ ለተገኘበት ለዚያ አንድ ሌሊት ነው። ያ ሌሊት ደግሞ በማን ቤት እንደሚመጣ ማንም አያውቅም።

ከዚህ ስምምነት ውጭ የሆነ አንድ ነገር ብቻ አለ። ልጁ ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከሆነ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል 10 ሴኮንድ ካለፈ፣ ገላው ከቀዘቀዘ፣ ከንፈሩ ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ፣ ወይም ራሱን ስቶ እያለ ካስመለሰው ወደ ቤት አናመጣውም። ከእነዚህ አንዱን ካየን ሌላው እስኪታይ አንጠብቅም፤ ወዲያው 911 እንደውላለን፤ ቀጥለን ለወላጁ እንደውላለን። እናንተም እቤታችሁ ይህን ካያችሁ «ይተኛና ይለፍለት» አትበሉ። ሆዱ ውስጥ ያለው መጠጥ ልጁ ከተኛ በኋላም ወደ ደሙ መግባቱን አያቆምም። በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት። እናንተ ወጣቶችም ስሙ፤ ጓደኛችሁ እንዲህ ሲሆን ፖሊስ ይመጣል ብላችሁ አትሽሹ። በዲሲም፣ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም ሊሞት ለደረሰ ሰው እርዳታ የጠራ ልጅ ራሱም ጠጥቶ በመገኘቱ እንዳይከሰስ የሚጠብቅ ሕግ አለ። ደውላችሁ አምቡላንሱ እስኪመጣ አብራችሁት ቆዩ።

ወረቀቱ በመግቢያው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቷል። በሁለት ቅጂ ይፈረማል፤ አንዱ ለኮሚቴው ይሰጣል፣ አንዱ በየቤታችሁ ማቀዝቀዣ በር ላይ ይለጠፋል። ሁለቱ የስልክ ቁጥሮች ከታች ተጽፈዋል፤ ወጣቶች ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ውስጥ መዝግቧቸው፤ በምን ስም እንደምትመዘግቡት የእናንተ ፋንታ ነው። ተራው የሚጀምረው ከበዓሉ ሌሊት ጀምሮ ነው። ለዚያ ሌሊት ድግስ አሳላፊ የሚሆኑ አራት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱን አግኝተናል። የቀሩት ሁለቱ እስኪነጋም ቢሆን መጠጡ ተቆጥሮ አዳራሹ እስኪዘጋ የሚቆዩ፣ ራሳቸውም የማይጠጡ መሆን አለባቸው። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ስብሰባው እንዳበቃ ያነጋግረን።